ከኋላዬ የነበረው መኪና

ልጅ እያለሁ ከኋላዬ ሁልጊዜ አንድ መኪና ነበረ። ብስክሌት በነዳሁ ቁጥር ማለቴ ነው። ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ እኔ ስፈጥን እየፈጠነ፣ እኔ ስቆም እየቆመ ይከተለኛል። መሪውን ጨብጦ፣ አንገቱን በመስኮት አስግጎ የሚነዳው አባቴ ነበር። ዛሬም ሳን ሆዜ ውስጥ መንገድ ዳር አቁሜ የመኪናዬ ፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር እግሬ ፔዳል ይፈልጋል፤ ጆሮዬም «ቀኝሽን ያዢ!» የሚለውን ድምፅ ይጠብቃል።

ያኔ የምንኖረው ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባዬ የኤርፖርት ቫን ይነዳል፤ እማዬ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እንደኔ በሕፃንነታችሁ አሜሪካ መጥታችሁ እዚህ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወላጆቻችን እዚህ አገር ለመግባት ያልሆኑት ነገር የለም፣ ከገቡ በኋላ ግን አላመኑትም። «በነፃ» የሚል ፖስታ ከመጣ አባዬ ሳይከፍት ይቀደዋል። በር ከተንኳኳ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተን ዝም እንላለን። ጎረቤት ኬክ ጋግራ ከሰጠችን እማዬ አመስግና ትቀበልና፣ አባዬ መጥቶ ቆርሶ እስኪቀምስ ድረስ ማንም አይነካውም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የቤታችን ሕገ መንግሥት ነበር።

ከሁሉ በላይ የማያምነው ግን ጭር ያለ መንገድን ነው። አውቶቡስ የሚርመሰመስበት፣ ጥሩምባ የሚጮኽበት ጎዳና ላይ ብነዳ ያን ያህል አይጨነቅም፤ «ሰው ካለ ምስክር አለ» ይላል። ካስትሮ ቫሊ የእማዬ ጓደኛ ቤት ስንሄድ፣ በዚያ ጸጥ ባለ ሰፈር፣ ፊቱ ይለዋወጣል። የተዘጉትን መጋረጃዎች ያያል። የቆሙትን መኪናዎች አንድ በአንድ ያያል። «ሰዉ የት ሄደ?» ይላል። እማዬ «ሥራ ነዋ! የት ይሄዳል?» ትለዋለች። አንድ መንገድ ባዶ ከሆነ፣ በአባዬ አስተሳሰብ፣ ሰው ሁሉ የሰማው እኛ ብቻ ያልሰማነው ነገር አለ ማለት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን አውልቄ ሄልሜቴን አጠልቅና ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ሐይቁ የጨው ጭቃና የዝይ ኩስ ይሸታል፤ ሣሩ ላይ ቤተሰቦች የሚጠብሱት ሥጋ ጭስ ይቀላቀልበታል፣ ጾም ከሆነ ደግሞ ያ ጭስ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እኔ በውስጥ በኩል በእግረኛው መንገድ፣ አባዬ በውጭ በኩል በአሮጌው ቶዮታ፣ ሐይቁን እንዞራለን። ከኋላው የተሰለፉት ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፉበታል፤ እሱ እጁን አውጥቶ እለፉ፣ እለፉ ይላቸዋል። የክፍሌ ልጆች «የቀብር ሰልፍ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እዚህ አገር ፍሬቻ አብርቶ የሚያዘግም መኪና አስከሬን የሚሸኝ ነውና። አንዴ እንዲያውም አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁልን።

አንድ እሑድ ፖሊስ አስቆመን። ትንሽ ልጅ የሚከተል ሰውዬ አለ ብሎ ሰው ደውሎ ኖሯል። ወጣቱ ፖሊስ መጀመሪያ ወደኔ መጣና ጎንበስ ብሎ ሰውየውን አውቀው እንደሆነ ጠየቀኝ። «ሂ ኢዝ ማይ ዳድ» አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ ደግሞ ጠየቀኝ። አባዬ መንጃ ፈቃዱን በመስኮት እንደዘረጋ ቀረ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። እማዬ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «የእግዜር ሥራ! ጠርጣሪው ተጠረጠረ» አለችው። እሱ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ከኋላዬ ማንም ሳይኖር መንዳት።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ነበር። ጸጉሩን ያጎፈረ ወጣት ብስክሌት ተደግፎ ቆሟል፤ ሱሪው ከታች የሰፋ ነው፤ በፀሐዩ ምክንያት አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ማን እንደሆነ ስጠይቅ አባዬ «ወንድም ጋሼ ነው» ይልና ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ታላቅ ወንድሙ እንደነበረና እንደሌለ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። እኛ ቤት የማይነካ ፎቶ፣ የማይጠየቅ ጥያቄ ነበር።

አክስቴ ሶስና የእማዬ ታናሽ እኅት ናት፤ ፈረንሳይ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ካርድ እየደወልን፣ ድምፁን ስፒከር ላይ አድርገን ዙሪያውን እንሰበሰባለን። አንድ ቅዳሜ ከከተማዋ ጫፍ ስለሚነሣ መንገድ አወራችን። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር፤ ሃዲዱ ተነሥቶ ለስላሳ አስፋልት ተነጥፎበታል፤ መኪና አይገባበትም። በወይን እርሻና በሱፍ አበባ መሀል ያልፍና ለጀልባ የተቆፈረ ትልቅ ቦይ ያገኛል፤ ከዚያ የቦዩን ዳር ይዞ ቀናት ያስኬዳል። ሰዎች ልብሳቸውን በብስክሌታቸው ጎንና ጎን ጭነው ከመንደር መንደር እያደሩ ይጓዙበታል። ክፍያ የለውም። «ትምህርት ሲዘጋ ሚጡን ላኩልኝና አብረን እንሂድ» አለች።

አባዬ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«ባቡሩን ለምን አነሱት?»

«ሰው ስላልተሳፈረበት ነው ጋሼ።»

«ሰው ለምን አልተሳፈረበትም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ መኪና ገዝቶ ይሆናላ!»

«መኪና ከገዛ መኪናው የት አለ? መንገዱ ባዶ ነው አላልሽም?»

አክስቴ ሳቋን ሳትጨርስ ካርዱ አለቀ። የአባዬ ጥያቄ ግን አላለቀም። በየቅዳሜው አዲስ ይዞ ይመጣል። አውሬ አለ ወይ? ቦዩ አጥር አለው ወይ? መንግሥት አስፋልት አንጥፎ በነፃ ሂዱበት የሚለው ምን አግኝቶ ነው? መኪና የማይገባበት መንገድ አምቡላንስስ በየት ይገባበታል? አክስቴ ሁሉንም በትዕግሥት ትመልሳለች፤ መልሷ በረዘመ ቁጥር ጥርጣሬው ይብሳል። በመጨረሻ እማዬ ናት የቆረጠችው። «ልጅቷ እድሜዋን ሙሉ ሐይቅ ስትዞር ልትኖር ነው?» አለችው። አባዬ ተስማማ። አብሬ እሄዳለሁ፣ እዚያም መኪና እከራያለሁ አለ። ተስማማ ሲባል የዘለልኩት ዝላይ መኪና የምትለዋን ቃል ስሰማ አየር ላይ ቀረ።

ፈረንሳይ በደረስን ማግሥት ጧት አባዬ፣ እኔና አክስቴ መንገዱ መነሻ ላይ ቆምን። መግቢያው ላይ ከወገቤ የማይበልጡ ሦስት የእንጨት ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በመሀላቸው ብስክሌት እንጂ መኪና አያልፍም። አባዬ ከተከራያት ትንሽ መኪና ወርዶ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቃቸው። ከዚያ አሻግሮ መንገዱን አየ። ቀጥ ያለ፣ ረጃጅም ዛፎች ያጠሉበት፣ አንድ ሰው የማይታይበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። «ይኸ ነገር ደስ አይልም» አለ። አክስቴ ካርታ ዘርግታ አሳየችው፤ የመኪናው መንገድ በየመንደሩ ይሄንን መንገድ ያቋርጠዋል። ካርታውን ለረጅም ጊዜ አጠና፤ መገናኛዎቹን ሁሉ በእስክሪብቶ ከበባቸው።

እንግዲህ እኔና አክስቴ በብስክሌት፣ አባዬ በመኪናው መንገድ፣ እንደዚያ ሄድን። ያን ጧት የነካኝን አየር ዛሬም አልረሳሁትም። የታጨደ ድርቆሽ ይሸታል፤ መንደር ስንቃረብ ደግሞ የዳቦ ቤት ሽታ ሣሩን ሰንጥቆ ይመጣል። የብስክሌቴ ካቴና ድምፅ ሳይቀር ይሰማኛል፤ ኦክላንድ ውስጥ ካቴናዬ ድምፅ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። የሚገርመው ግን ነፃነቱ አልመጣልኝም። በየደቂቃው ዞር እላለሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ይህን ያህል የተመኘሁት ነገር ሲሰጠኝ ጠረጠርኩት፤ የአባቴ ልጅ ነኝና።

በየመገናኛው አባዬ ቀድሞን ቆሞ እናገኘዋለን። መኪናዋ ፍሬቻዋን እያበራች፣ እሱ በቤተ ክርስቲያን ጫማውና በኮቱ፣ እጁን አጣምሮ። ሄልሜቴን ያጠብቃል፤ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ከዚያ «ማንን አገኛችሁ?» ይላል። እኔ «ዳክዬ!» ስለው፣ «ሌላስ?» ይላል። አንዱ መገናኛ ላይ ጠረጴዛ ተቀምጦ የበሰለ ኮክ ተደርድሮበት አየን፤ ሻጭ የለም፤ የገንዘብ ማስቀመጫ ጣሳ ብቻ አለ። ሽታው ምራቅ ያስመጣል። እጄን ስዘረጋ አባዬ ያዘኝ። ዛፎቹን፣ ቁጥቋጦውን፣ ከሩቅ የሚታየውን ቤት መስኮት ሁሉ ቃኘ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ባለቤቱ ተደብቆ እያየን ነው» አለና ሻጩ እስኪመጣ ጠበቀ። ሻጭ አልመጣም። ሳንበላ ሄድን።

በሦስተኛው ቀን መገናኛው ላይ አባዬ የለም።

መጀመሪያ ቀድመነው ደርሰን ይሆናል ብለን ብስክሌቶቻችንን አጋድመን ቁጭ አልን። የመኪናው መንገድ ከሁለቱም በኩል ባዶ ነው። ያኔ እንደ ዛሬ በየሰው ኪስ ስልክ የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ጥላው ከእግራችን ሥር እየሸሸ ሄደ። አክስቴ ታፏጫለች፤ ፉጨቷ እያጠረ መጣ። እኔ ከመንገዱ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። የቦዩ ውኃ አይንቀሳቀስም፤ ቅጠሉ አይንቀሳቀስም። ሰዉ የት ሄደ? አልኩ በልቤ። ፈራሁ። ያቺን ያፈርኩባትን መኪና፣ ያን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ አሁን ብሰማ ምን በወደድኩ ነበር። አክስቴን ሳይቀር ጠረጠርኳት፤ ደህና ነው፣ ይመጣል ስትለኝ የምትደብቀኝ ነገር ያለ መሰለኝ።

በመጨረሻ ወደ መጣንበት ለመመለስ ወሰንን። ብዙ ሳንሄድ ከሩቅ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ በመንገዱ መሀል አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ አየሁ። ኮቱ ትከሻው ላይ ተጥሏል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ፔዳሌን እንደዚያ መትቼው አላውቅም።

የሆነው ይህ ነው። አንድ ቦታ ላይ የመኪናው መንገድ በድልድይ ከላይ፣ የኛ መንገድ ደግሞ ከድልድዩ ሥር ያልፋል። ካርታው ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ መሬት ላይ ግን ከላይ የቆመ ሰው ከታች የሚያልፈውን በዛፉ ምክንያት አያየውም። አባዬ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀን እኛ ከሥሩ አልፈን ሄደናል። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አላስችል አለው። መኪናዋን ፍሬቻዋን እንዳበራች ትቶ፣ ሣሩን እየያዘ ወደ ታች ወረደና ያንን ባዶ መንገድ በእግሩ ገባበት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ሄልሜቴንም አልነካም። ቦዩ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ አለና እጁን ጭንቅላቴ ላይ አኖረ። አክስቴ ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቦዩን እያየ መናገር ጀመረ።

«ካንቺ ትንሽ ከፍ እል ነበር» አለኝ። «ወጣት የሚታፈስበት ዘመን ነው። ወንድም ጋሼ በብስክሌቱ ሊወጣ ሲል፣ ‹እስቲ መንገዱን እይልኝ› አለኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። አንድም ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። ደስ አለኝ። ‹ጭር ብሏል፣ ሂድ› አልኩት። ለካ ሰፈሩ አፈሳ መምጣቱን ሰምቶ ተከቷል። ያልሰማነው እኛ ብቻ ነን።»

ወንድም ጋሼ በዚያው ቀረ። አስከሬኑም ብስክሌቱም አልተገኘም። አባዬ ይህንን ሲያወራ ድምፁ አልተሰበረም፤ የተሰበርኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ አንድ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ፣ ሐይቁን ስንዞር የሚነፋብን ጥሩምባ፣ ፖሊሱ፣ ካስትሮ ቫሊ ያሉት መጋረጃዎች፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገቡኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። አባቴ ልጥ ሲፈራ አፍሬበት ነበር፤ እባቡን ማየቱን ግን ማን ነገረኝ?

ከዚያ አባዬ የኮቱን ኪስ ዳበሰና ሁለት ኮክ አወጣ። ደንግጬ አየሁት።

«ያኔ እናንተ ስትሄዱ ጣሳው ውስጥ ሳንቲም ጨመርኩ» አለ። «ቆሜ ጠበቅሁ። የመጣ የለም።» ቀጥሎም፣ «ዛሬ ደግሞ መንገዱ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ሰላም አለኝ። ልጅ በጋሪ የምትገፋ ሴት አገኘሁ። እነሱም በእርጋታ ነው የሚሄዱት። የሚሸሽ ሰው የለም ሶሲ» አላት አክስቴን፤ ትልቅ ምሥጢር የደረሰበት ሰው ይመስል።

«የለም ጋሼ፣ የሚሸሽ የለም» አለችው ቀስ ብላ።

ኮኩን በላነው። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። አባዬ ተነሥቶ ብስክሌቴን አነሣና መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ። መንገዱን ወደ ፊት አየ፣ ወደ ኋላ አየ። በጣም ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከአፉ ያልወጣውን ቃል፣ ለኔ አለው።

«ጭር ብሏል። ሂጂ።»

ሄድኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ መጀመሪያ የሰማሁት ካቴናዬን፣ ቀጥሎ የራሴን ልቅሶ ነበር። ዞር ብዬ ላለማየት ጥርሴን ነክሼ እስከሚቀጥለው መንደር ነዳሁ።

ኦክላንድ ስንመለስ መኪናው ቀረ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሰው በአንድ መንገድ አይድንም። የሚቀጥለው እሑድ ቶዮታዋ ከኋላዬ ነበረች፤ ፍሬቻዋ ግን ጠፍቷል። በኋላ በጣም ራቅ ብላ መከተል ጀመረች። በኋላም አንድ ቀን አባዬ መኪናውን አቆመና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዞሬ ስመለስ ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ አገኘሁት።

አሁን አባዬ ከኔ ጋር ሳን ሆዜ ይኖራል። ዓይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃዱን መልሷል። እኔ ሚልፒታስ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ እሠራለሁ፤ የተማርኩ፣ በመረጃ የማምን ሰው ነኝ እላለሁ። ከጓሮአችን ጀርባ ወንዙን ይዞ የሚሄድ የብስክሌት መንገድ አለ፤ መኪና አይገባበትም። ልጄ ሊያ በሱ ብቻዋን ጓደኛዋ ቤት ልሂድ ስትለኝ ብዙ ጊዜ ከለከልኩ። በየቀኑ አዲስ ምክንያት አገኛለሁ፤ ምክንያቶቼን ስሰማቸው የማውቃቸው ናቸው። የኛ ዘመን ጥርጣሬ ጥሩምባ አያስነፋም፤ ኪሳችን ውስጥ ገብቶ ስልክ ላይ ልጆቻችንን ተከትላ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ነጥብ ሆኗል። አባቴ ቢያንስ ፊቱን አሳይቶ ነበር የሚከተለኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ግን እሺ አልኩ። ሊያ ብስክሌቷን ይዛ የጓሮውን በር ከፈተች፣ አያቷም ተከትሏት ወጣ።

«አባባ፣ ኢዝ ኢት ክሊር?» ብላ መንገዱን እንዲያይላት ጠየቀችው።

አባዬ በሩን ተደግፎ በደከመ ዓይኑ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። ጧት ነበር፤ ወንዙ ዳር አንድም ሰው የለም። እጁ የበሩን እንጨት ጨምቆ ሲይዝ ከኋላ ሆኜ አየሁት።

«ጭር ብሏል የኔ ልጅ» አላት። «ሂጂ።»

ሄደች። ዛፎቹ ሲጋርዷት እጄ ሳላዘው ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ ያዘ። ቁልፉ ተንቃጨለ። አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ ሳይዞርም፣ «መልሺው» አለኝ። መለስኩት። ከዚያ ሁለት ወንበር አወጣሁና ባዶውን መንገድ እያየን አብረን ጠበቅናት።